የሲስተር ትርንጎ ወንፈል

ሲስተር ትርንጎ ማረፋቸውን የነገረኝ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። ስልኬ ጠርቶ ሳነሳው «ጌታሁን ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «እኔ የደብረ ታቦሩ ነኝ። ጭስ ማውጫውን በቆርቆሮ ያስረዘምኩት» ሲለኝ ወዲያው አወቅሁት። መልኩን፣ ዕድሜውን፣ አግብቶ ይሁን ሳያገባ አላውቅም። የሚጠብቀውን ፍሪጅ ግን ከነዝገቱ አውቀዋለሁ። ቀጥሎም «ሲስተር አረፉ» አለኝ።

ሰቆጣ ተወልጄ ያደግሁት፣ ከሳቸው ጋር በአንድ ቢሮ ስንት ዘመን የተቀመጥኩት እኔ፣ መርዷቸውን ሰቆጣን ረግጦ ከማያውቅ ሰው ሰማሁ። ያኔ ሥራ ወደ ኮምቦልቻ ወስዶኝ ነበር። ሰውየው እያለቀሰ ስለነበር እኔም አለቀስኩ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው የገረመኝ፤ በመንገድ ላይ ብንተላለፍ የማንተዋወቅ ሁለት ሰዎች ተላቀስን። እንዲህ እንድንሆን ያደረጉን እሳቸው ናቸው። እንዴት እንዳደረጉት ስለማውቅ ልጽፈው ተነሳሁ።

ሲስተር ትርንጎ በዋግ ኽምራ የክትባት ሥራ አስተባባሪ ነበሩ። እኔ ደግሞ የክትባት ማቀዝቀዣዎችን የምጠግን ቴክኒሺያን። በዚያን ጊዜ ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ካሉ መብራት የሚባል ነገር የለም፤ ክትባቱ የሚቀመጠው በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ነው። ከሥሩ እንደ ፋኖስ ያለ እሳት ይነድዳል፣ ከላይ ክትባቱ ይቀዘቅዛል። ፍሪጁ ከተበላሸ ክትባቱ ይሞቃል፤ የሞቀ ክትባት ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ልጇን አዝላ ግማሽ ቀን በእግሯ የመጣች እናት «ዛሬ የለም፤ ሌላ ቀን ነይ» ትባላለች። ሲስተር ትርንጎ በሕይወታቸው አምርረው የጠሉት ነገር ቢኖር ይህን አባባል ነበር።

ጥሉ የቆየ ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ገና ወጣት ነርስ ሳሉ፣ ጋዝጊብላ ውስጥ በገበያ ቀን እናቶችን ሰብስበው ሳለ በረዶው ቀለጠባቸው፣ ክትባቱም ሞቀ። ሴቶቹን አንድ በአንድ እየተለማመጡ መለሷቸው። በዚያው በጋ ኩፍኝ ገባ። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያ በኩል አብረን ስናልፍ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ቆሙ። ትንንሾቹን መቃብሮች በእጃቸው እንኳ አላሳዩኝም፣ በአገጫቸው ጠቆም አደረጉልኝ እንጂ። «ሁለተኛ እናት ባዶዋን አትመለስም ብያለሁ» አሉኝ። ለማን እንዳሉ ጠየቅኋቸው። «ለራሴ ነዋ፤ ለማን ልበል?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የሚገርመው ግን በእጅ ሥራ ጭራሽ አይሆኑም። እሳቱ የሚነድበትን የፍሪጁን ክር ላስተካክል ብለው ገብተው ክፍሉን በጥላሸት ሞልተው የወጡበት ቀን ነበር፤ የግድግዳው ቀለም ከዚያ ወዲህ ነጭ ሆኖ አያውቅም። ብሎን በየት በኩል እንደሚጠብቅ ሁልጊዜ ይምታታባቸዋል። ሰው ስለ ፍሪጅ ሲጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ግን አውቃለሁ» ይላሉ። እውነትም ያውቃሉ። ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቁት «የየት አገር ልጅ ነህ? ማን ጋ አድረህ መጣህ?» ብለው ነው። ይህን ሲጠይቁ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፣ በል አምጣ እንደማለት። ሰውየው ሳይታወቀው የቤቱን ጉዳይ ሁሉ እዚያ መዳፍ ላይ ያራግፋል።

እኔ ይህን ነገር አልወደውም ነበር። ብሎን ፈትቼ ብሎን የማስር ሰው ነኝ፤ ወሬ ይሰለቸኛል። ፍሪጅ ለመጠገን የሰው አክስት ማወቅ ምን ያደርጋል እል ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ብነግራቸው «አንተ ብሎኑን እሰር፤ እኔ ሰዉን እያሰርኩ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ወደ ሚሌኒየሙ ገደማ ቢሮአችን ኢንተርኔት ገባ። ገባ ማለት እንኳ ይከብዳል። የሚመጣው በስልክ መስመር ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይቋረጣል፣ ሰው ሲደውል ይቋረጣል፣ ደስ ሲለውም ይቋረጣል። በዚያው ሰሞን ከባሕር ዳር አንድ አሠልጣኝ መጣና በየዞኑ ያለነውን የክትባት ነርሶችና ቴክኒሺያኖች በአንድ የኢሜይል ቡድን ውስጥ አስገባን። አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል። «ችግር የገጠመው ይጽፋል፤ መፍትሔ ያለው ይመልሳል፤ አዲስ ዘዴ የፈጠረ ለሌላው ያካፍላል» አለን።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በየወረዳው ያለው ሰው እኮ ቸግሮት የየራሱን ዘዴ ፈጥሯል። አንዱ ከብስክሌት ሽቦ የጭስ ማውጫ መጥረጊያ ሠርቷል። አንዱ ውሃ የገባበትን ላምባ አሳድሮ ከላይ ከላይ እየቀዳ ይጠቀማል። ግን ያ ሁሉ ዘዴ ወንዝ አይሻገርም፤ እዚያው በተፈጠረበት ይቀራል። ቡድኑ ይህን ያሻግራል ተብሎ ነበር።

ቡድኑ ተከፈተ፣ ማንም አልጻፈም። አሠልጣኙ ብቻ «ውድ አባላት እንደምን ሰነበታችሁ» እያለ ይጽፋል። ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ዝም። ቆይቶ ተመልሶ መጣና ነገሩ የኮምፒውተር ችሎታ ማነስ ስለሆነ ተጨማሪ ሥልጠና እንደሚያዘጋጅ ነገረን። ሲስተር ትርንጎ ጨርሶ እስኪናገር ሰሙትና «አይደለም ልጄ» አሉት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አይተዋወቁማ። አንተ የማታውቀው ሰው በተሰበሰበበት ገብተህ ሱሪዬ ተቀድዷል ትላለህ?»

አሠልጣኙ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያች ቀን በኋላ ያደረጉትን ያዘዛቸው ሰው የለም። ከሰቆጣ ወደ ወልዲያ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ባሕር ዳር ለሥልጠና የሚሄድ ወይም በሽተኛ ይዞ የሚጓዝ ሁሉ በሳቸው በኩል ያልፋል። «ሆቴል እንዳታድር» ይሉታል። «እገሌ የሚባል የቡድናችን ሰው አለ፤ እሱ ጋ ታድራለህ።» ለእገሌም ይደውሉለታል። ከዚያ በኩል ወደኛ የሚመጣውንም እንዲሁ ያደላድሉታል። አንዳንዱ የማያውቀው እንግዳ ሲመጣበት ይደነግጥ ነበር፤ ግን ደጁ የደረሰን እንግዳ ማን ይመልሳል? አብረው እራት ይበላሉ፣ አንዱ የሌላውን ልጆች ስም ያውቃል፣ የፍሪጅ ወሬ ይነሳል። ሰንበት ብሎ ያ ያደረው ሰው ቡድኑ ላይ «ወንድሜ፣ ያሳየኸኝ የክር አቆራረጥ እዚህ እምቢ አለኝ» ብሎ ይጽፋል። ያሳደረው ይመልሳል። ሦስተኛው ሰው ይህን አይቶ «የኔም እንደዚያው ነው» ብሎ ይገባል። ኮምፒውተሩ የኛን ፊደል ስለማያውቅ የምንጽፈው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነበር፤ ሲያነቡት ጥርስ ያደክማል፣ ግን ተነበበ።

እኔም ቤት አንድ የደባርቅ ሰው አሳደሩብኝ። አኮረፍኩ። ሚስቴ ግን ደስ ብሏት የአገራችንን ምግብ በጉዱን አዘጋጀች። ሰውየው እራት ላይ ሲጫወት፣ ደጋ ላይ እሳቱ ቢጫ ሆኖ የሚያጨሰው ብዙ ጊዜ በበር በሚገባው ንፋስ እንደሆነና እሱ በካርቶን ከልሎ እንደተገላገለ ነገረኝ። ስንት ጊዜ የታገልኩት ነገር ነው። ያው ምክር በኢሜይል ቢመጣ ኖሮ ከየት የመጣ ዐዋቂ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እራቴን የበላ ሰው ስለነገረኝ ሞከርኩት፤ ሠራ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ሲስተር ትርንጎ ፊቴን አይተው ፈገግ አሉና ወረቀታቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ። ያ ፈገግታቸው አበሸቀኝ።

ችግር አልነበረም አልልም። ሰው የሚመልሰው ለሚያውቀው ነው። አንዱ በቡድኑ ላይ ሲጠይቅ የሚያውቀው ሰው ለብቻው ይጽፍለታል፤ ሌላው ሳያይ ይቀራል። አንድ ጊዜ የላስታው ቴክኒሺያን ለወዳጁ ለብቻው የነገረው መፍትሔ ለሌላ ወረዳ ባለመድረሱ እዚያ ክትባት ተበላሸ። ሲስተር ትርንጎ ደወሉለት። «ለምንድን ነው መልሱን የደበቅኸው?» አሉት። «ኧረ ሲስተር፣ አልደበቅሁም። ሰው ሁሉ ፊት ጽፌ ብሳሳትስ ብዬ ነው» አለ። «ተሳሳት» አሉት። «የሚያርምህ ሰው እዚያው አለ። ለብቻው ብትሳሳት ነው ማንም የማያርምህ።» ከዚያ ወዲህ ሰውየው ለሁሉም መጻፍ ጀመረ፤ እንደፈራውም ተሳሳተ፣ እንዳሉትም ታረመ።

ቡድኑ ሲደምቅ ደግሞ ሌላ መዘዝ መጣ። ጠያቂው በዛ፣ መላሹ ሰለቸ። ሁሉን እያነበበ አንድም የማይጽፍ ሞላ። የተካኑት ቴክኒሺያኖች «እኛ ብቻ ነን እንዴ የምንለፋው?» እያሉ አንድ በአንድ ዝም ማለት ጀመሩ። ሲስተር ትርንጎ ተጨነቁ። ቡድኑ ከሞተ ፍሪጆቹ እንደ ድሮው ለየብቻቸው ሊቀሩ ነው፤ ያ ማለት ደግሞ እናቶች ባዷቸውን ሊመለሱ ነው። አንድ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

«ወንፈል እናድርገው» አሉኝ።

ወንፈል የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ዛሬ እኔ ያንተን እህል አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የኔን ታጭዳለህ። ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው አይጠራም፤ ማንም ክፉ አይናገረውም፣ ራሱ ግን አፍሮ ይቀራል። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩት፤ «ከዛሬ ጀምሮ የጠየቀ ሰው ሌላ ከመጠየቁ በፊት ለሌላ ሰው ይመልስ። ያልመለሰ ወንፈል አለበት።»

ሁሉም ወደደው። ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን፤ ማብራሪያ የጠየቀ አልነበረም። ሰነፉ ሁሉ መጻፍ ጀመረ። «እገሌ፣ ወንፈልህን ረሳህ እንዴ?» የቡድኑ ቀልድ ሆነ። የደብረ ታቦሩ ሰው ጭስ ማውጫውን በቆርቆሮ አስረዝሞ እሳቱ እንዴት እንደተስተካከለለት የጻፈው ያኔ ነው፤ ወንፈሉን ሊመልስ። እኔም በዋግ ሞክሬ ሠራልኝ። ባሕር ዳር ያለው አሠልጣኝ ተደንቆ ደወለ። ሲስተር ትርንጎ ኮሩ፣ እኔም በሳቸው ኮራሁ።

በዚህ መሀል በደሃና ወረዳ፣ ከአምደወርቅ ወዲያ፣ በእግር የሚደረስበት አንድ ጤና ጣቢያ ሀብታሙ የሚባል ነርስ ተመደበ። አገሩ አርባ ምንጭ ነው። በዋግ አንድ ዘመድ የለውም፣ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣናን አይሰማም፣ ከቡድኑም ማንንም አያውቅም። በገበያ ቀን አምደወርቅ ይወጣና በወረዳው ጽሕፈት ቤት በጄኔሬተር በሚሠራው ኮምፒውተር ኢሜይሉን ያያል። ጥያቄውን በአንዱ ገበያ ይጽፋል፣ መልሱን በሚቀጥለው ገበያ ያነባል። እንደመጣ ሰሞን ስለ ክር አለዋወጥና ስለ ላምባ ጠየቀ፤ ሰዎች መለሱለት፤ አመሰገነ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እኛ ዝምታውን በደህና ተረጎምነው። የተቸገረ ይጠይቃል ብለን ነበር።

ወሬውን ያመጡት አቶ ይማም የሚባሉ የሰቆጣ ነጋዴ ናቸው፤ ጨርቅ ይዘው እስከ አምደወርቅ ገበያ ይወርዳሉ። ቢሮአችን ብቅ ብለው «ሲስተር፣ በደሃና በኩል ሴቶች ሲያማርሩ ሰማሁ» አሉ። «ልጅ አዝለን ብንሄድ መለሱን ይላሉ። ደግሞም ወደ ተከዜ በኩል ኩፍኝ ታይቷል ይባላል።»

ሲስተር ትርንጎ ብድግ አሉ። ያን ያህል ፊታቸው ጠቁሮ አይቼ አላውቅም። «ዕቃህን ያዝ» አሉኝ። በዕለቱ አምደወርቅ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተጭነን ሄድን፤ ከዚያ በእግር ቀጠልን።  

ሀብታሙ ከበር ላይ ሲያየን ደነገጠ። ፍሪጁን ከፈትኩት፤ ለብ ብሏል። እሳቱን አየሁ፤ ሰማያዊ፣ የተስተካከለ። ክሩ ንጹሕ፣ ጭስ ማውጫው የተጠረገ። እውነቱን ለመናገር ከኔ የተሻለ ይዞታል። አንድ ሳህን ውሃ አምጣ አልኩትና ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ውሃው ወደ አንድ በኩል ተሰበሰበ። የአፈር ወለሉ በክረምቱ ርሶ በአንድ ወገን ሰምጧል። ያ ዓይነት ፍሪጅ ደግሞ ካዘመመ እሳቱ ምንም ያህል ቢያምር አይቀዘቅዝም። ከሁለት እግሮቹ ሥር ቁራጭ ጣውላ አገባሁ፤ ተስተካከለ። ሥራው ይኸው ነው። ከቡድናችን ግማሹ ይህን ያውቃል፤ አንድ ሰው አንድ መስመር ቢጽፍለት ይበቃ ነበር።

«ለምን አልጠየቅህም?» አሉት ሲስተር ትርንጎ። ድምፃቸው ለስላሳ አልነበረም።

ሀብታሙ መሬት መሬት አየ። «ወንፈል አለብኝ» አለ።

«ምን አልከኝ?»

«ስመጣ ሰሞን ጠይቄ መልሰውልኛል። እኔ ግን ለማንም አልመለስኩም። በየገበያው እየሄድኩ አነባለሁ፤ የማውቀው ጥያቄ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ። አልመጣም። ሁሉም ከኔ የበለጠ ያውቃል።»

«ለጌታሁን ለብቻው ብትጽፍለትስ?»

«አላውቃቸውማ» አለ ወደኔ ሳያይ። «ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ አላውቅም። ያለብኝን ሳልመልስ ደግሞ መጣ ቢሉኝስ?»

ቁጣ ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። ሲስተር ትርንጎ ግን እናቶች ወረፋ በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «ጌታሁን» አሉኝ፤ «ወንፈል የሚገባው ማነው?»

«ጉልበት ያለው፤ በሬ ያለው» አልኩ።

«በሬ የሌለውስ? ባሏ የሞተባትስ? እንግዳ ሆኖ አዲስ ጎጆ የወጣውስ?»

«ለሱማ ደቦ ይወጣለታል።»

«ደቦ ይወጣለታል» አሉ ቀስ ብለው። «መልስ አይባልም። አባቶቻችን ሁለቱንም አብረው ነው ያቆዩልን። እኔ አንዱን አምጥቼ አንዱን ተውኩት። ይህን ልጅ አትቆጣብኝ፤ ሴቶቹን የመለስኳቸው እኔ ነኝ።»

ሀብታሙ የኔ ጥፋት ነው ብሎ ሊከራከር ሲል በእጃቸው አስቆሙት። ማልቀስም፣ ራሳቸውን መርገምም አላበዙም። ፍሪጁ በቅጡ እስኪቀዘቅዝ ምን ያህል እንደሚፈልግ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «እንግዲያው በገበያው ማግስት እንከትባለን» አሉና ለሴቶቹ የሚነግር ሰው ወደየጎጡ፣ አዲስ ክትባት በበረዶ ሳጥን የሚያመጣ ሰው ደግሞ ወደ ሰቆጣ ላኩ። በገበያው ቀን እኔንና ሀብታሙን አስከትለው አምደወርቅ ወጡና የወረዳው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ልጻፍልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ። በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ፤

«ይህን የምጽፈው ትርንጎ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ወንፈሉ ቀርቷል፤ የቸገረው ሁሉ ይጠይቅ። ደሃና ላይ እናቶች ባዷቸውን ተመልሰዋል። የመለሳቸው እኔ ያወጣሁት ደንብ ነው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ፍሪጅ አከፋፍላለሁ፣ እቆጣጠራለሁ፣ እናንተን እቆጣለሁ። እሳት እንዴት አድርጎ ብርድ እንደሚያመጣ ግን ገብቶኝ አያውቅም። መጠየቅ አፍሬ ኖሬአለሁ። የሚያውቅ ያስረዳኝ።»

«ሲስተር፣ ይህን እኮ ክልሉ በሙሉ ነው የሚያነበው» አልኳቸው።

«ለዚያ ነው የምጽፈው።»

«ግን እውነት አያውቁትም?»

ዞር ብለው አዩኝ። «አንተስ ታውቀዋለህ?»

 የቱ ቧንቧ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ግን አስቤው አላውቅም። ደነገጥኩ፣ ቀጥሎም ሳቄ መጣ። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ እዚያው ቆየን። የመጀመሪያው መልስ ከደብረ ታቦር መጣ፤ «ሲስተር፣ እኔም አላውቅም፣ እኔም አፍሬ ነው» ይላል። ቀጥሎ ከወልዲያ «እኔም» የሚል መጣ። ቀጥሎ ከሌላ ወረዳ።

ሀብታሙ ከኋላችን ቆሞ ያነብ ነበር። «ይቺን እንኳ የማውቃት ይመስለኛል» አለ በቀስታ። ሲስተር ትርንጎ ዞሩ። «መርፌ ከመውጋታችን በፊት ክንድ ላይ አልኮል ስንቀባ ቆዳው ይቀዘቅዝ የለ? አልኮሉ እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ቧንቧው ውስጥም እንደዚያ የሚተን ነገር አለ፤ ሲተን ከክትባቱ ሙቀቱን ይወስዳል። እሳቱ ያንን ነገር አብሮት ካለው ውሃ ለይቶ እንደገና እንዲዞር ይገፋዋል እንጂ ብርዱን እሱ አይሠራም።» ሲስተር ትርንጎ ብድግ ብለው ወንበሩን ለቀቁለት። «ተቀመጥና ለሁሉም ጻፈው» አሉት።

ጻፈው። ያ መልስ በየወረዳው ታትሞ ፍሪጅ ላይ እንደተለጠፈ በኋላ ሰማሁ። ሰውም ከዚያ በኋላ የማያውቀውን መጻፍ አላፈረም። ሲስተር ትርንጎ ወንፈሉን ካስቀሩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አስለመዱን፤ አዲስ ሰው ወደ ቡድኑ ሲገባ ከነባሮቹ አንዱ ይደውልለታል፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይጠይቀዋል፣ በአካባቢው ካለፈ እሱ ጋ ያድራል። ሰነፎቹ እንደገና መስነፋቸው አልቀረም፤ እኔም እበሳጭ ነበር። «ይስነፉ» ይሉኝ ነበር ሲስተር። «ሰነፍ አንብቦ ዝም ቢል ማንም አይሞትም። የቸገረው ዝም ሲል ነው የሚሞተው።»

በገበያው ማግስት እናቶች መጡ። ከሰቆጣ የመጣው አዲስ ክትባት ፍሪጁ ውስጥ በቅጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሀብታሙ ልጆቹን አንድ በአንድ ከተበ። በመጨረሻ ሲስተር ትርንጎ በዚያን ጊዜ ተመልሰው ከነበሩት መካከል ማን እንደቀረ ጠየቁ። አንዲት ሴት ቀርታለች፤ ወለቱ ትባላለች፣ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ካለው ተረተር ላይ ነው። የተላከባት ሰው «ሁለተኛ አልመጣም» እንዳለች ነገረን። ሲስተር ትርንጎ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሀብታሙ የክትባቱን ሳጥን ተሸከመ፣ እኔም ተከተልኩ።

ወለቱ ደጇ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ስትለቅም አገኘናት። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ሲስተር ትርንጎ በኽምጣና ሰላምታ ሰጧት፤ ባልና ከብት፣ ማሳና ጎረቤት ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች። ለምን እንደመጣን ሲነግሯት ግን ፊቷን አዞረችና ሀብታሙ እንዲሰማት ብላ በአማርኛ ተናገረች።

«ወንዝ ተሻግሬ ነው የመጣሁ። ይሄ ሰውዬ ተበላሽቷል ሂጂ አለኝ። ደክሞኝ ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሱ አይደለም» አሏት ሲስተር ትርንጎ። «ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ወለቱ ማሽላዋን መልቀም ቀጠለች። «ለዛሬውስ ደግ። ነገ ደግሞ ቢበላሽሳ? ይሄኛው ልጅ አድጎ ሌላ ልጅ አዝዬ ብመጣሳ?»

ማንኛውም የቢሮ ሰው ከእንግዲህ አይበላሽም ይላት ነበር። እኔም እንደዚያ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሲስተር ትርንጎ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ይበላሻል» አሏት። «አሮጌ ነው፤ መበላሸቱ አይቀርም። ያን ቀን ግን ይሄ ሰው ዝም አይልም። እኔም ዝም አልልም።»

ወለቱ ቀና ብላ ሀብታሙን አየችው። «ትጠይቃለህ?» አለችው።

«እጠይቃለሁ» አለ።

ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና ክንዱን ገለጠችለት።